ደርሶ መልስ

እኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እማማስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ እንዴት ያደርጋችኋል። ፊት ለፊት ሲሆን ይህ ሁሉ ምንም አያስከፍልም፤ እንዲያውም ካልተባለ ያስቀይማል። በርቀት ሲሆን ግን ሰላምታ ዋጋ አለው። ታላቅ እህቴ ቤይሩት በነበረችባቸው ዓመታት የምትደውለው በካርድ ነበር። ድምፅዋ እስኪደርሰን ትንሽ ዝምታ፣ የእኛ መልስ እስኪደርሳት ሌላ ዝምታ። "ሃሎ?" "ሃሎ፣ ይሰማል?" "ይሰማል፣ ይሰማል!" እናቴ ደግሞ ሰላምታዋን አሟልታ ካልጨረሰች ወደ ቁም ነገሩ አትገባም። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ሊጀመር ሲል ካርዱ ያልቅ ነበር።

ድረ ገጽ ስንከፍትም ስልካችንና ሰርቨሩ ቁም ነገር ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ይህን የምለው ለማስዋብ አይደለም፤ ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ ነው የተሠራው። የሙያው ሰዎች ራሳቸው "መጨባበጥ" ብለው ነው የሚጠሩት። ስንት ጊዜ እንደሚጨባበጡ፣ ከዚያ በኋላ በስንት ረድፍ እንደሚያወሩ፣ አንዱ ቃል መንገድ ላይ ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉ የሚወስነው ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል። የድረ ገጽ ዋናው ደንብ ኤችቲቲፒ ነው፤ ያቺ አድራሻ መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠውና ማንም ልብ የማይላት ነገር።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራትና መጠገን ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ልማድ ይዞኛል። የከፈትኩት ድረ ገጽ ሁሉ በየትኛው ደንብ እንደሚያናግረኝ ሳላይ አላልፍም። የባንክ ይሁን የትምህርት ቤት፣ የጋዜጣ ይሁን የእድር። ባለቤቴ "ደሞ ጀመረህ?" ትለኛለች። አዎ፣ ጀምሮኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

* * *

መጀመሪያ ስለ ርቀት እናውራ። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ አንድ ደርሶ መልስ ከ53 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ይህን የትኛውም ኢንጂነር፣ የትኛውም ሚኒስትር፣ የትኛውም ባለሀብት አይቀንሰውም። ሰርቨሩ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ ርቀቱ ከ11,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ደርሶ መልሱም ከ110 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም።

ኬብል ደግሞ እንደ ክር ተወጥሮ አይሄድም። እኛ የባሕር በር የለንም። መልእክታችን መጀመሪያ ጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ ጅቡቲ፣ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ነው ባሕር ውስጥ ከተዘረጋው ኬብል የሚገናኘው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ ብዙ መልእክት ዞሮ በሌላ መንገድ መሄድ ነበረበት። በዚህ ላይ የሞባይሉን ማማ፣ የምሽቱን መጨናነቅ፣ የሚቆራረጠውን መብራት ጨምሩበት። ደሴ ላይ በስልክ ኢንተርኔት አሜሪካ ካለ ሰርቨር ጋር ደርሶ መልሱ 300 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ማየት ብርቅ አይደለም።

300 ሚሊ ሰከንድ ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ናት። ችግሩ አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኗ ነው። በድሮው አካሄድ ስልኩ መጀመሪያ በቲሲፒ ይጨባበጣል፤ አንድ ደርሶ መልስ። ቀጥሎ ወሬያቸውን ሌላ እንዳይሰማው የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ በቲኤልኤስ 1.2 ሁለት ደርሶ መልስ። ከዚያ በኋላ ነው "ገጹን ስጠኝ" የሚለው፤ አንድ ደርሶ መልስ። በድምሩ አራት። በ300 ሲባዛ የመጀመሪያዋ ፊደል ከመድረሷ በፊት 1.2 ሰከንድ አለፈ። ከሰርቨሩ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ያው አራት ጊዜ ተጨባብጦ ጠቅላላው 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ነገሩ መኖሩንም አያውቅም። ያንኑ ሰላምታ እሱ በነፃ ይለዋወጣል፣ እኛ በካርድ።

* * *

የኤችቲቲፒ ታሪክ ይህንን ጥበቃ የማሳጠር ታሪክ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ሲጀምረው ደንቡ በጣም አጭር ነበር። በአንድ መስመር ገጽ ይጠየቃል፣ ገጹ ይመጣል፣ ግንኙነቱ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው 1.1 የተሰኘው እትም ግንኙነቱ ሳይዘጋ ተራ በተራ ብዙ ነገር መጠየቅን የተለመደ አሠራር አደረገው። "ተራ በተራ" የምትለዋን ያዙልኝ።

ቀበሌ ወረፋ የጠበቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መስኮቱ አንድ ነው። ከፊትህ ያለው ሰው ፋይሉ ጠፍቶ እየተፈለገለት ከሆነ፣ አንተ የመጣኸው ለአንዲት ማኅተም ብቻ ቢሆንም ቆመህ ትጠብቃለህ። ብራውዘሮች ይህን ለማለፍ ለአንድ ድረ ገጽ ስድስት መስኮት መክፈት ልማድ አደረጉ። ገጹ 84 ፋይል ቢኖረው (ፎቶው፣ አርማው፣ ፊደሉ፣ የማስዋቢያው ኮድ ሁሉ ተቆጥሮ) በስድስት መስኮት 14 ዙር ይሆናል። 14 ዙር በ300 ሚሊ ሰከንድ 4.2 ሰከንድ ነው። ያውም ፋይሎቹ ትንንሽ ከሆኑና መንገድ ላይ ምንም ነገር ካልጠፋ።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 ስፒዲ የሚባል ሙከራ አስተዋወቀ፤ ከእሱ ተነሥቶ በ2015 ኤችቲቲፒ/2 ጸደቀ። በዚህኛው ደንብ ብዙ ጥያቄ በአንድ ግንኙነት ላይ በአንድ ጊዜ ይላካል። መልሶቹ ተቆራርጠው፣ ተደባልቀው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የየትኛው ፋይል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ስላለው ስልኩ ለይቶ ይገጣጥማቸዋል። 84ቱም በአንድ አፍ ይጠየቃሉ። የወረፋው ጉዳይ አበቃለት ተባለ።

አላበቃም። ምክንያቱ ከሥር ያለው ቲሲፒ ነው። ቲሲፒ እ.ኤ.አ. በ1981 መልኩን የያዘ፣ እንደ አደራ ደብዳቤ ያለ ነገር ነው። የላከውን ሁሉ ይቆጥራል፣ "ደረሰኝ" ካልተባለ መልሶ ይልካል፣ በቅደም ተከተል ካልሆነ አያስረክብም። 57ኛው ፓኬት መንገድ ላይ ከቀረ 58ኛውና 59ኛው ደርሰው በር ላይ ቢቆሙም አይገቡም። ቲሲፒ ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። የጠፋችው የአንዲት ፎቶ ጥግ ትሁን፣ ለማንም የማትጠቅም አርማ ትሁን፣ 83ቱ ሌሎች ፋይሎች አብረው ይቆማሉ። እንግዲህ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት አገር ይህ ብርቅ ነው። ኔትወርኩ ፓኬት በሚጥልበት ቦታ ግን አንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለው ኤችቲቲፒ/2 በስድስት መስኮት ከሚሠራው ከድሮው ሊብስ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ሰዎቹ ወደ ሥሩ ወረዱ። ከቲሲፒ ሌላ ዩዲፒ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሦስት ገጽ ብቻ የተጻፈ ቀላል ደንብ አለ። ዩዲፒ ደብዳቤ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው፤ ሰጠህ፣ ሄደ፣ ደረሰ አልደረሰ የሚነግርህ የለም። ጎግል ውስጥ ጂም ሮስኪንድ የጀመረው ኩዊክ የተባለው ሥራ ይህን መንገደኛ ተጠቅሞ የመቁጠሩንና መልሶ የመላኩን ኃላፊነት ራሱ ያዘ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ለየብቻው ቆጠረ። የአንዱ ቁራጭ ከጠፋ የሚጠብቀው ያ ፋይል ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ይገባሉ። መጨባበጡንና የምስጢር ቁልፉን ደግሞ በአንድ ላይ አደረገው፤ አራት የነበረው ደርሶ መልስ ሁለት ሆነ። ከዚህ በፊት ከተዋወቁ ደግሞ ሰላምታውና ጥያቄው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንድ ብቻ። 1.2 ሰከንድ የነበረው 0.6፣ ወይም 0.3።

ለምን ቲሲፒን ራሱን አላሻሻሉትም? በየመንገዱ ኬላ ስላለ ነው። በስልካችንና በሰርቨሩ መሃል የቆሙት መሣሪያዎች ቲሲፒን አገላብጠው ማየት ለምደዋል፤ ትንሽ መልኩ የተለወጠ ቲሲፒ ሲያዩ "ይህ ደግሞ ምንድነው?" ብለው የሚጥሉት አሉ። ኩዊክ አብዛኛውን ነገሩን በምስጠራ ሸፍኖ ስለሚያልፍ ኬላው የሚፈትሸው ብዙ ነገር አያገኝም። ኩዊክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021፣ በእሱ ላይ የቆመው ኤችቲቲፒ/3 ደግሞ በጁን 2022 በይፋ ደንብ ሆኑ።

ለእኛ ኑሮ በጣም የሚስማማ አንድ ሌላ ነገር አለው። ቲሲፒ የሚያውቅህ በአድራሻህ ነው። ከካፌው ዋይፋይ ወጥተህ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ስልክህ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ አድራሻህ ይለወጣል፣ ግንኙነቱ ይሞታል፣ ሰላምታው እንደገና ከ"ጤና ይስጥልኝ" ይጀመራል። ኩዊክ ግን ለግንኙነቱ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁሉም ሰርቨር ባይጠቀምበትም፣ አድራሻህ ቢለወጥም "ያው ነኝ" ብለህ ወሬህን መቀጠል ያስችልሃል።

* * *

አንድ ድረ ገጽ የትኛውን ደንብ እንደሚናገር ማየት ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩን ከፍታችሁ ኤፍ12ን ትጫናላችሁ። ከሚመጡት ታቦች "ኔትወርክ" የሚለውን መርጣችሁ ገጹን እንደገና ትጭናላችሁ። የፋይሎቹ ዝርዝር ሲወርድ ከላይ ባለው ርእስ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ፕሮቶኮል" የሚለውን ታበራላችሁ። "ኤች3" ካለ ኤችቲቲፒ/3፣ "ኤች2" ካለ ኤችቲቲፒ/2 ነው። 1.1 ካለ ደግሞ የቀበሌው መስኮት።

አንድ ጊዜ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ስልኩና ሰርቨሩ ቋንቋ የሚመራረጡት በሰላምታው መሃል ነው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው "ኦሮምኛ ትችያለሽ? ትግርኛስ?" እንደሚባባሉት። ብራውዘሩ የሚችለውን ይዘረዝራል፣ ሰርቨሩ አንዱን ይመርጣል። ነገር ግን ይህ ምርጫ የሚደረገው በቲሲፒ በር ላይ ስለሆነ እዚያ ኤችቲቲፒ/3 መምረጥ አይቻልም። ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር አንዲት ማስታወሻ አያይዞ ይልካል፤ "በሚቀጥለው ስትመጣ በዚያኛው በር ግባ፣ እዚያም አለሁ" የምትል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትከፍቱት ኤች2 ያላችሁ ገጽ መልሳችሁ ስትጭኑት ኤች3 ሊላችሁ ይችላል። ይህን ማስታወሻ ገና ስም ሲጠየቅ፣ ከዲኤንኤስ ጋር አብሮ የመስጠት አዲስ መንገድም መጥቷል፤ ሁሉም ግን አይጠቀምበትም። ሁለቴ፣ ሦስቴ መሞከር ይበጃል።

አድራሻ ሲሰጧቸው አረንጓዴ ምልክት የሚመልሱ መፈተሻ ገጾችም አሉ። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ግን ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መፈተሻው የሚፈትሸው እሱ ካለበት ቦታ ነው። "ይደግፋል" ሲል ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ሆኖ አይቶ ነው፤ ከእናንተ ሰፈር እስከ ሰርቨሩ ባለው መንገድ ላይ ዩዲፒን የሚከለክል ኬላ ካለ እሱን አያየውም። የእናንተ ብራውዘር ግን ያየዋል፤ ምንም ሳይናገር ወደ ድሮው ቲሲፒ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ብዙ ድረ ገጽ ዛሬ ከፊቱ አከፋፋይ አቁሟል፤ ሲዲኤን ይባላል። አረንጓዴው ምልክት የሚመሰክረው ለአከፋፋዩ ነው። ከአከፋፋዩ ኋላ ያለው ሰርቨር አሁንም በ1.1 ሊያወራ ይችላል። ሦስተኛ፣ አንድ ድረ ገጽ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። የፊት ገጹ አንድ ቦታ፣ ፎርሙ ሌላ ቦታ፣ ክፍያው ሦስተኛ ቦታ ይቀመጣል። ሳሎኑ ቀለም ተቀብቶ ማድ ቤቱ ጨለማ የሆነ ቤት ብዙ አይቻለሁ።

* * *

ቤይሩት የነበረችው እህቴ ልጅ ደሴ ከእናቴ ጋር ነው ያደገችው። ባለፈው ዓመት ለአንድ የትምህርት እድል ልትመዘገብ ሞክራ ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ይሽከረከራል። ከዚያ መልሶ መጀመሪያው ላይ ይወስደኛል።"

"በስልክሽ ነው?"

"በስልኬ። ካፌም ሄጄ ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው። ጓደኞቼም እንደኔ ናቸው። ደሞ ነገ ማታ ይዘጋል።"

አዲስ አበባ፣ ቢሮ ባለው ፋይበር ስከፍተው እየተጎተተም ቢሆን ያልፋል። ኤፍ12ን ተጫንኩ። የፊት ገጹ ኤች3 ነው፤ አማረበት። የመመዝገቢያው ፎርም ያለበት ግን ሌላ አድራሻ ነው፣ ሰርቨሩም አሜሪካ። 1.1። ቲኤልኤስ 1.2። ገጹ 84 ፋይል አለው፤ ከላይ የቆጠርኩት ከዚሁ ነው። ስልኩ አንዴ የወሰደውን ፋይል እንዳያስቀምጥም ታዟል፤ ስለዚህ በአምስቱም ገጾች 84ቱ ፋይሎች ከእንደገና ይጫናሉ። በላዩ ላይ ፎርሙ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተጠናቀቀ "ጊዜዎ አልቋል" ብሎ ያስወጣል። የሠራው ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሠርቶ የሞከረው ደርሶ መልሱ አጭር የሆነበት ቦታ ተቀምጦ ነው፤ እዚያ አምስቱ ገጾች ከሦስት ደቂቃ አይፈጁም።

ለልጅቷ የምላት ብዙ አልነበረም። "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሺ፤ ያኔ ኔትወርኩ ይቀላል። ከአንድ ቦታ አትንቀሳቀሺ። ፎቶሽን አሳንሼ ልኬልሻለሁ፣ እሱን አስገቢ። መልሶቹን አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።" እናቴ ከጎን "ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው በሌሊት የሚመዘግብ?" ስትል ይሰማኛል። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ መልእክት ላከችልኝ፤ አልፋለች። አንዷ ጓደኛዋም አብራት ነቅታ አለፈች። ሦስተኛዋ ገጠር ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ ነበር። ሌሊቱ አላወጣትም፣ በነጋታው ቀኑ አለቀ።

ያቺን ልጅ ያስቀራት ፕሮቶኮል ነው ብዬ አልምልም። መንገዱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ የዳታው ዋጋ አለ፣ የ15 ደቂቃው ነገር አለ። ግን ደጋግሜ ሒሳቡን እሠራዋለሁ። በአምስት ገጽ ላይ፣ በየገጹ 14 ዙር፤ 70 ደርሶ መልስ ለወረፋ ብቻ። ፓኬት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ይህ ሁሉ መቆም ከልጅቷ ጉብዝናም ሆነ ከፈተናው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የመጣው ማንም ተመልሶ ካላያት ከአንዲት የሰርቨር ማስተካከያ ነው።

* * *

የድርጅቱን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ከሦስት ሰው በኋላ ከቴክኒክ ሠራተኛው ጋር ተገናኘን። ትሑት ወጣት ነው።

"ጋሼ፣ እኛ ጋ እኮ ዘግቶ አያውቅም፤ ፈጣን ነው። ቆይ ላሳይዎት" አለና የመፈተሻ ገጹን ውጤት በቴሌግራም ላከልኝ። አረንጓዴ ምልክት። "ይኸው፣ ኤችቲቲፒ/3 ይደግፋል ይላል።"

"ይሄ የፊቱ ነው ወንድሜ። እስቲ የፎርሙን አድራሻ አስገባበት።"

የኪቦርድ ድምፅ። ዝምታ። "እህ... 1.1 ነው።"

ከዚያ በኋላ የነበረው ወሬ ጥሩ ነበር፤ ነገሩን ካየ በኋላ ማንም መለመን አላስፈለገውም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ኤንጂንኤክስ ነው። ኤንጂንኤክስ ኤችቲቲፒ/2ን ከ2015 ጀምሮ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ማብራት ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት አበራው። ቲኤልኤስ 1.3ንም ጨመረ፤ አንድ ደርሶ መልስ ቀነሰ። ስልኩ ፋይሎቹን እንዲያስቀምጥ ፈቀደ። 15 ደቂቃው 60 ሆነ። ኤችቲቲፒ/3 ግን ቆየ። ኤንጂንኤክስ እሱን መናገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 1.25 እትም ነው፤ የእነሱ እትም ከዚያ የቆየ ነበር። ደግሞም የሰርቨሩ አጥር ለዩዲፒ በሩን መክፈት አለበት። "እሱን ለአለቆቼ ማስረዳት ይኖርብኛል" አለኝ። "ዩዲፒ ሲባሉ ጥቃት ነው የሚመስላቸው።" ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በዩዲፒ የሚደረግ ጥቃት አለ። በሩን ዘግቶ መርሳት ግን መልስ አይሆንም።

አዲሱ ደንብ ሁሉን ይፈታል ብዬ አላወራም። ኤችቲቲፒ/3 አራት ሜጋ ባይት የሆነን የአዳራሽ ፎቶ አያሳንስም፤ የዳታ ጥቅል በብር ለሚገዛ ሰው ፎቶውን ማሳነስ ከፕሮቶኮሉ ይቀድማል። ኩዊክ የሰርቨሩንም የስልኩንም ፕሮሰሰር ከቲሲፒ በላይ ሊያደክም ይችላል። ሰርቨሩን ወደ እኛ ማቅረብ፣ ወይም አከፋፋዩ ቅርባችን እንዲሆን ማድረግ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይረዳል፤ ደርሶ መልሱ ራሱ ያጥራልና። እነዚህ ሁሉ ግን ገንዘብ፣ ውል፣ ጊዜ ይጠይቃሉ። ኤችቲቲፒ/2ን ማብራት የጠየቀው አንድ ወጣትና አንድ ከሰዓት ነው።

አሁን ስፈትሽ ሦስት ቦታ ነው የምፈትሸው። አንድ ከቢሮው ፋይበር፣ አንድ ከስልኬ ዳታ፣ አንድ ከደሴ። የደሴውን የምታይልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከሰው በተዋሰችው ላፕቶፕ ኤፍ12ን ትጫንና ውጤቱን ትልክልኛለች። አንዳንዴ አዲስ አበባ ላይ ኤች3 ያለኝ ገጽ እሷ ጋ ኤች2 ይላል፤ መሃል ላይ አንድ ኬላ አለ ማለት ነው። "ጋሼ፣ ይሄኛውም ዝቅ ብሏል" ብላ ትጽፋለች፣ እኔም መዝግቤ ለባለቤቱ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም።

እናንተም ሞክሩት። ከዜናና ከመዝናኛ ገጾች ይልቅ ቀን ተቆርጦ ሰው የሚጠብቃቸውን ገጾች አስቀድሙ፤ ምዝገባ፣ ውጤት፣ ቀጠሮ፣ ክፍያ። የፊት ገጹን አይታችሁ አትመለሱ፤ እስከ ፎርሙ ግቡ።

የዚያ ድርጅት ምዝገባ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ይከፈታል። ፎርሙ ዛሬ ጠዋት ሳየው ኤች2 ነው፤ የዩዲፒው ደብዳቤ አለቆቹ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ልጅ ዘንድሮ ልትመዘገብ ደሴ ትመጣለች። በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ሰው ኔትወርክ ላይ ባለበት ሰዓት ከእሷ ስልክ እንሞክረዋለን ተባብለናል።